ምክትሉ ስንት ድምፅ ያመጣል? ጎንደር ቁጭ ብለው የሰው አገር ምርጫ የሚመዝኑበት መመሪያ

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ጎንደር ውስጥ የሚነቃው ማን ነው? ኪዳን ለማድረስ የሚወጡ እናቶች፣ ዳቦ ጋጋሪዎች፣ እና እንደኔ የሰው አገር ምርጫ እንቅልፍ የነሳው ሰው። በፈረንጆቹ 2024፣ ለመስከረም 22 አጥቢያ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልዬ የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎችን፣ የትራምፑን ጄዲ ቫንስንና የካማላ ሃሪሱን ቲም ዋልዝን፣ ክርክር በስልኬ ሳይ አነጋሁ። (ከዚህ በኋላ ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ጠዋት ፒያሳ ወዳለችው ቡና ቤታችን ስገባ ወሬው ሁሉ እሱ ነው። አንዱ "ቫንስ በላው" ይላል። ሌላው "የሰው ወዝ ያለውስ ዋልዝ ነው" ይላል። ቨርጂኒያ ወንድም ያለው ደግሞ ምስክር ሊያስደውል ስልኩን አውጥቷል። ጥግ ላይ የተቀመጡት ጋሼ ማኪያቷቸውን እያማሰሉ ጠየቁ።

"ለመሆኑ ከነዚህ ከሁለቱ ፕሬዚዳንት የሚሆነው የትኛው ነው?"

"ማንኛቸውም" አልናቸው።

"ታዲያ ሽማግሌ ናቸዋ!"

ጋሼ ስንቱን ትዳር ያቆሙ፣ ስንቱን ጠብ ያበረዱ ሰው ናቸው። ነገሩን እንዲህ አስረዱን። ልጅ ለማጨት ሽማግሌ ሲላክ፣ የልጅቱ አባት ሽማግሌውን የሚያየው ሊድርለት አይደለም። በሽማግሌው በኩል የላከውን ሰው ነው የሚያየው። ደህና ሽማግሌ ብቻውን ትዳር አያስገኝም። ሰካራም ሽማግሌ ግን አባትየው በሩን እንዲዘጋ ያደርጋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምክትል ዕጩን ነገር የምመዝነው በዚህ ነው። ሞክሬው ሠርቷል። እናንተም እንድትሞክሩት ደረጃ በደረጃ ላስቀምጠው። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ የስልክ ካልኩሌተር፣ እና የምትከታተሉት አገር ያለፉት ሁለት ምርጫዎች ውጤት ነው። ትዕግሥትም ያስፈልጋል፤ በተለይ ሌሊቱ ላይ።

ደረጃ 1፦ ወረቀቱ ላይ ስንት ምርጫ እንዳለ እዩ

ሁሉም አገር ምክትሉን በአንድ መንገድ አይመርጥም። የኛን ቶሎ እንለፈው። በኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱን ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ለ6 ዓመት ይመርጣሉ። መንግሥቱን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። መራጩ ሕዝብ ፊት ጥንድ ሆኖ የሚቀርብ ዕጩ የለም፤ ስለዚህ መመሪያው ለኛ አገር አይሠራም።

አሜሪካ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያና ብራዚል ውስጥ ጥንዱ በአንድ ድምፅ ይመረጣል። ዋናውን ወድዶ ምክትሉን መጥላት አይቻልም፤ ሁለቱንም ትወስዳለህ ወይም ሁለቱንም ትተዋለህ። አሜሪካም ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እስከ 1804 ድረስ ሁለተኛ የወጣው ሰው ምክትል ይሆን ነበር። በ1796 ጆን አዳምስ ሲያሸንፍ ምክትሉ የሆነው ተፎካካሪው ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ጣውንት በአንድ ጎጆ ማለት ነው። 12ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን አስቀረ።

ፊሊፒንስ የተለየች ናት። እዚያ ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ ለየብቻ ይመረጣሉ። በ2016 ፕሬዚዳንት የሆነው ሮድሪጎ ዱተርቴ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነችው ግን ከተሸናፊው ከማር ሮክሳስ ጋር የተወዳደረችው ሌኒ ሮብሬዶ ናት፤ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የማርኮስን ልጅ በ263 ሺህ ገደማ ድምፅ ቀድማ። ሕዝቡ የፈለጋትን ሴት መረጠ፤ ያቀረባትን ሰውዬ ግን አልተከተለውም። ወረቀቱ ሁለት ቦታ ሲኖረው የሰዉ ልብ እንዲህ ተለያይቶ ይታያል። ወረቀቱ አንድ ቦታ ብቻ ሲኖረው ግን ተደብቆ ይቀራል፤ የቀሩት ደረጃዎች እሱን ለመፈልፈል ናቸው።

ደረጃ 2፦ የጎደለውን ፈልጉ

ምክትሉ በተጠራ ቀን ስለ እሱ የሕይወት ታሪክ ከማንበባችሁ በፊት ስለ ጠሪው አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ "ይህ ሰው ምን ጎድሎት ነው እሱን የጠራው?"

አንዳንዱ ጉድለት የአገር ግማሽ ነው። በ1960 ጆን ኬኔዲ የሰሜን ሰው፣ ካቶሊክ፣ የ43 ዓመት ጎልማሳ ነበር። የጎደለው ደቡብ ነው። ሊንደን ጆንሰንን ከቴክሳስ አመጣ። አንዳንዱ የልምድ ጉድለት ነው። በ2008 ባራክ ኦባማ አዲስ ፊት ነበር፤ ሴኔት ውስጥ 36 ዓመት ሊሞላው የተቃረበውን ጆ ባይደንን ጠራ። አንዳንዱ ደግሞ የአመኔታ ነው። በ2016 ዶናልድ ትራምፕ ሦስቴ ያገባ የኒውዮርክ ነጋዴ ነበር፤ ሃይማኖተኞቹ መራጮች እንዳይሸሹት ማይክ ፔንስን አጠገቡ አቆመ።

ብራዚል ውስጥ የሆነው ለኔ ከሁሉም ይጥማል። ሉላ በ2006 ጄራልዶ አልክሚንን አሸንፎ ፕሬዚዳንትነቱን አስጠበቀ። በ2022 ያንኑ የድሮ ተቀናቃኙን ምክትል አድርጎ አመጣው። ለመሀል ሰፋሪው መራጭ መልእክቱ ግልጽ ነው፦ "እሱ እንኳ ካመነኝ፣ እናንተ ምን ያስፈራችኋል?" ሉላ 50.9 በመቶ ለ49.1 አሸነፈ። ልዩነቱ እንዲህ ጠባብ ሲሆን የአልክሚንን ድርሻ ንቆ ማለፍ ይከብዳል፤ መጠኑን ቆርጦ መናገርም እንዲሁ።

ኢንዶኔዥያ ደግሞ ምክትሉ ራሱ ደብዳቤ ሆኖ የተላከበት አገር ነው። በ2024 ፕራቦዎ ሱቢያንቶ የወቅቱን ፕሬዚዳንት የጆኮ ዊዶዶን ልጅ፣ ጊብራንን፣ ምክትል አደረገ። ልጁ 36 ዓመቱ ነበር። የዕድሜ ገደቡ 40 ስለነበር ከጥቂት ወራት በፊት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ባሳለፈው ውሳኔ ነው በሩ የተከፈተለት። ሰዉ የመረጠው ጊብራንን ነው? አይመስለኝም። በልጁ በኩል የአባትየውን ምርቃት ነው ያየው።

ጉድለት የማይሞላ ምርጫም አለ። በ1992 ቢል ክሊንተን 46 ዓመቱ፣ ከደቡብ ነው። አል ጎርን ጠራ፤ እሱም ከደቡብ፣ 44 ዓመቱ። ሁሉም "ሚዛን የት ሄደ?" አለ። ሚዛን አልፈለገም ነበር፤ "ትውልድ ተቀየረ" የሚለውን ወሬ በሁለት አፍ ማውራት ነው የፈለገው። አሸነፈም።

ደብተራችሁ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ የጎደለው ይህ፣ የመጣው ይህ። ጉድለቱን ማግኘት ካቃታችሁ ደግሞ "አላገኘሁም" ብላችሁ ጻፉ። እሱም ራሱ መረጃ ነው።

ደረጃ 3፦ የትውልድ ግዛቱን በሒሳብ ፈትኑ

ኪሴን ያስለቀሰው ደረጃ ይህ ስለሆነ እዚህ እንቆያለን።

በ2012 ሚት ሮምኒ ፖል ራያንን ከዊስኮንሲን ጠራ። እኔም ደረቴን ነፍቼ "ዊስኮንሲን አለቀላት፣ የሮምኒ ናት" አልኩ። ከጋሼ ጋር ጥብስ ተወራረድን። ዊስኮንሲን ኦባማን መረጠች። ውጤቱ የደረሰን ረቡዕ ስለነበር ጥብሱ ለሐሙስ ተላለፈ። ሐሙስ ጋሼ ጓደኛ ጨምረው መጡ።

ጥብሱን ከከፈልኩ በኋላ ነው ሒሳቡን በወጉ የሠራሁት። አሠራሩ ይኸው።

መጀመሪያ ግዛቷ ካለፈው ምርጫ ወደዚህኛው ስንት እንደተንቀሳቀሰች እዩ። በ2008 ኦባማ ዊስኮንሲንን በ14 ነጥብ (ማለትም በመቶኛ ልዩነት) ገደማ አሸንፏል፤ በ2012 በ7 ገደማ። 7 ነጥብ ወረደ።

ቀጥሎ አገሩ በሙሉ ስንት እንደተንቀሳቀሰ እዩ። ኦባማ በአገር ደረጃ ከ7 ነጥብ ትንሽ ከፍ ካለ ልዩነት ወደ 4 ገደማ ነው የወረደው፤ 3 ተኩል ያህል። ስለዚህ ዊስኮንሲን ከአገሩ የበለጠ የወረደችው በ3 ተኩል ገደማ ነው። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው "የራያን ድርሻ ይኸው" ይላል።

አታቁሙ። ጎረቤቶቿን እዩ። ሚሺጋን ራያን የላትም፤ እዚያም ኦባማ ከ16 ወደ 9 ተኩል፣ 7 ነጥብ ያህል ወርዷል። ልክ እንደ ዊስኮንሲን! ሚኒሶታ ውስጥ ግን 2 ተኩል ገደማ ብቻ ነው የወረደው። ይባስ ብሎ የሮምኒ አባት የሚሺጋን አገረ ገዥ ስለነበሩ ሚሺጋንም ንጹሕ ምስክር አይደለችም። እንግዲህ የራያን ድርሻ ከዜሮ እስከ 3 ተኩል ባለው መሀል የሆነ ቦታ ነው። ሦስትም ቢሆን ግን ግዛቷን አላስገኘም። እኔ በአንድ ምሳ የገዛሁትን ትምህርት እናንተ በነፃ ውሰዱት።

ያው ሒሳብ በ2024 ይደገም። ቲም ዋልዝ የሚኒሶታ አገረ ገዥ ነው። ዴሞክራቶች እዚያ በ2020 በ7 ነጥብ ገደማ፣ በ2024 በ4 ነጥብ ገደማ አሸነፉ፤ 3 ወረዱ። በአገር ደረጃ ግን ከ4 ተኩል ብልጫ ወደ 1 ተኩል ጉድለት ሄደዋል፤ 6 ወረዱ። አያችሁ፣ ሚኒሶታ ከአገሩ ባነሰ ነው የወረደችው። ዋልዝ ነው? ጎረቤቷ ዊስኮንሲን ዋልዝ ሳይኖራት የወረደችው 1 ተኩል ገደማ ብቻ ነው! ዊስኮንሲን የመጨረሻ ትንቅንቅ የተደረገባት፣ ገንዘቡና ቅስቀሳው ሁሉ የፈሰሰባት ግዛት ናት። ስለዚህ ለዋልዝ ምስጋና ከመስጠታችን በፊት እጃችንን መሰብሰብ አለብን።

ለዚህ ደረጃ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የ1988ቱ ነው። ማይክል ዱካኪስ የቴክሳሱን ሴናተር ሎይድ ቤንትሰንን ምክትል አደረገ። የቴክሳስ ሕግ ቤንትሰን ለምክትል ፕሬዚዳንትነትም ለሴኔት ወንበሩም በአንድ ቀን እንዲወዳደር ይፈቅድለት ነበር። ምን ሆነ? የቴክሳስ ሰው ቤንትሰንን ወደ ሴኔት በደስታ መለሰው። ፕሬዚዳንት ሲመርጥ ግን ጆርጅ ቡሽን በሰፊ ልዩነት መረጠ። ያው መራጭ፣ ያው ቀን፣ ያው ወረቀት። ሽማግሌውን አክብሮ ቡና ጠጥቶ ሸኘው፤ ልጁን ግን ለሌላ ዳረ።

"ጆንሰንስ? ቴክሳስን ለኬኔዲ አላመጣም?" የሚል አይጠፋም፤ ሁሌ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ኬኔዲ ቴክሳስን ያሸነፈው በ46 ሺህ ገደማ ድምፅ ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት። የጆንሰን እጅ አለበት ቢባል አያስቀይምም። አሁን ግን ካልኩሌተሩን አንሱ። ኬኔዲ በጠቅላላው 303 ኤሌክቶራል ድምፅ (ለየግዛቱ የተመደበ፣ በአብዛኛው ግዛቷን ያሸነፈው ጠቅልሎ የሚወስደው ድምፅ) አገኘ። ለማሸነፍ 269 ይበቃ ነበር። ቴክሳስ 24 ነበራት። 303 ሲቀነስ 24፣ 279። ያለ ቴክሳስም ፕሬዚዳንት ነበር! የጆንሰን ውለታ ካለ ደቡብን በሙሉ ደምሮ ነው የሚቆጠረው፤ እሱም በባቡር ደቡብን ሲዞር የከረመው ለዚህ ነው። ሁለቱን ካሮላይናዎችም ብናወጣበት 22 ይቀነሳል፤ ያኔ 257 ላይ ይወድቃል። ጆንሰን የሚከራከሩለት ሰው የሆነው ስለ ቴክሳስ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደግሞ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ይህን ሒሳብ ያውቁታል። ዲክ ቼኒ ከዋዮሚንግ፣ ባይደን ከዴላዌር፣ ሳራ ፔሊን ከአላስካ። ሦስቱም ግዛቶች ሦስት ሦስት ኤሌክቶራል ድምፅ ብቻ ነው ያላቸው። ለሦስት ድምፅ ብሎ ምክትል የሚመርጥ የለም።

ደረጃ 4፦ ወገኑ አብሮት መምጣቱን ጠይቁ

ሴት ምክትል ሲመጣ "ሴቶች ሁሉ ወደዚያ ይሄዳሉ" ይባላል። በ1984 ዋልተር ሞንዴል ጄራልዲን ፌራሮን አቀረበ፤ በትልቅ ፓርቲ ጥንድ ውስጥ የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አዳራሹ አለቀሰ። በምርጫው ቀን ግን አብዛኞቹ ሴቶች ሮናልድ ሬገንን መረጡ፤ ሬገን 49 ግዛት ወሰደ። የፌራሮ ግዛት ኒውዮርክም አልቀረችለትም።

ወደ ጎረቤት እንምጣ። ኬንያ በ2022። ዊሊያም ሩቶም ራይላ ኦዲንጋም ከኬንያ ተራራ አካባቢ አልነበሩም፤ ድምፅ የሞላው ግን እዚያ ነው። ሁለቱም ምክትላቸውን ከዚያው አመጡ። ሩቶ ሪጋቲ ጋቻጉዋን፣ ኦዲንጋ ማርታ ካሩዋን። ካሩዋ በፍትሕ ሚኒስትርነት የምትታወቅ፣ ስሟ የከበደ ሴት ናት። ውጤቱ? አካባቢው በሰፊው ሩቶን መረጠ፤ የካሩዋ የትውልድ ካውንቲ ኪሪንያጋ ጭምር። ሩቶ ያሸነፈው በ50.49 በመቶ ነው፤ ልዩነቱ 233 ሺህ ድምፅ ገደማ። ሁለቱም ከአንድ ሰፈር ሽማግሌ ሲልኩ ሽማግሌ ከሽማግሌ ይጣፋል። ሰፈሩ ደግሞ ሩቶን ከጋቻጉዋ በፊት ያውቀው ነበር። ለዓመታት እየተመላለሰ ቤት ለምዷል። (ጋቻጉዋ በ2024 ምክር ቤቱ ከሥልጣን አነሳው። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።)

ናይጄሪያ ላይ ደግሞ ጥንቃቄ ይጨመር። በ2023 ቦላ ቲኑቡ ሙስሊም ሆኖ ሙስሊም ምክትል፣ ካሺም ሼቲማን፣ ከቦርኖ አመጣ። ክርስቲያኖች ተቆጡ፤ አገሩ ታመሰ። ቲኑቡ ግን አሸነፈ፤ ቦርኖንም ወሰደ። በሰሜን ምሥራቁ ቀጠና ያሸነፈውም ቦርኖን ብቻ ነው። "ሼቲማ አመጣት" ከማለታችሁ በፊት ደረጃ 3ን አስታውሱ። ቦርኖ በ2019ም የዚያው ፓርቲ ነበረች።

ጋና ለዚህ ደረጃ ጥሩ መዝጊያ ናት። ጆን ማሃማ በ2020 ጄን ናና ኦፖኩ አጌማንግን ይዞ ተሸነፈ። በ2024 እሷኑ ይዞ አሸነፈ፤ የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች። ምክትሏ አልተቀየረችም። በመሀል የተቀየረው ኑሮው ነው፦ ዋጋ ናረ፣ ዕዳ ተቆለለ፣ ሰው ተማረረ።

ደረጃ 5፦ ሰካራሙን ሽማግሌ ለዩ

ምክትል መጥቀሙን ማሳየት ይህን ያህል ከከበደ፣ መጉዳቱስ? ይህ ይቀላል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚያርፈው ምክትሉ ላይ ሳይሆን ጠሪው ላይ ነው።

በ1972 ጆርጅ ማክገቨርን ቶማስ ኢግልተንን ጠራ። ቀናት ሳያልፉ ኢግልተን ቀደም ሲል ለመንፈስ ጭንቀት ሆስፒታል ገብቶ በኤሌክትሪክ ንዝረት መታከሙ ተሰማ። ማክገቨርን "1000 በመቶ ከጎኑ ነኝ" አለ። ከዚያ ተወው። ኢግልተን ዕጩ ሆኖ የቆየው 18 ቀን ነው። እኔ ኢግልተን በመታመሙ አልፈርድም፤ ማንም ሰው ሊታመም ይችላል። መራጩን ያስደነገጠው ያ 1000 በመቶ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዜሮ የሚሆን 1000 በመቶ! ማክገቨርን ከዚያ በፊትም ወደኋላ ቀርቶ ስለነበር ሽንፈቱን በሙሉ በኢግልተን መለጠፍ ግፍ ነው። ያሸነፈው ማሳቹሴትስንና የአገሪቱን ዋና ከተማ ዋሽንግተንን ብቻ ነው።

በ2008 ደግሞ ጆን ማኬይን። ሳራ ፔሊንን ያስተዋወቀው ልክ 72 ዓመት በሞላው ቀን ነው። መጀመሪያ ሰልፉ ደመቀ፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያውም ወደ እሱ አዘነበለ። ግን አስቡት፤ ያን ዓመት ማኬይን ቀን ከሌት የሚለው "ኦባማ ልምድ የለውም" ነበር። ራሱ ግን በአገረ ገዥነት ሁለት ዓመት ያልሞላትን ሰው ከወንበሩ አንድ እርምጃ ራቅ አድርጎ አስቀመጠ። ቃለ መጠይቆቹ ሲበላሹ የተበላሸው የፔሊን ስም ብቻ አልነበረም፤ የማኬይን ዋና ክርክርም ውሃ ጠጣው። ያንኑ መስከረም ትልቁ ባንክ ሌማን ብራዘርስ ከሰረ፤ የገንዘብ ቀውሱ መጣ። ማኬይንን የጣለው ይበልጥ ቀውሱ ይመስለኛል። ፔሊን ግን በሩን ገርበብ አድርጋ ጠበቀችው።

የጠሪው ዕድሜ የሚቆጠረው ለዚህ ነው። በአሜሪካ ታሪክ 9 ምክትሎች ሳይመረጡ ወደ ፕሬዚዳንትነት ወጥተዋል። 8ቱ ፕሬዚዳንቱ ሞቶ፣ 1ዱ ፕሬዚዳንቱ ለቅቆ። መራጩ ቁጥሩን ባያውቅ ነገሩን ያውቃል።

ደብተር ላይ የሚገባው ጥያቄ እንዲህ ይሁን፦ በዚህ ሳምንት ስለ ምክትሉ ያነበብኩት ዜና ሲያልቅ፣ የማስበው ስለ ማን ነው? ስለ ጠሪው ማሰብ ከጀመራችሁ ምክትሉ መሥራት ጀምሯል፤ ለበጎም ለክፉም።

ደረጃ 6፦ ሌሊቱን አትመኑ

አጭር ነው። የምክትሎች ክርክር ጥሩ ቲያትር ነው። በ1988 የቡሽ ምክትል ዕጩ ዳን ኩዌል ራሱን ከጆን (ጃክ) ኬኔዲ ጋር ሲያስተያይ ቤንትሰን "ሴናተር፣ እርስዎ ጃክ ኬኔዲ አይደሉም" ብሎ አፈር አበላው። ሰዉ ዛሬም ይጠቅሰዋል። ኩዌል ግን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ 426 ለ111። በ2008 የባይደንና የፔሊንን ክርክር 70 ሚሊዮን ያህል አሜሪካዊ አየው፤ ያን ዓመት ከተደረጉት የዋናዎቹ ክርክሮች ሁሉ በለጠ። ሰው የሚጓጓው ለማየት ነው፤ ለመምረጥ ሌላ ልብ አለው።

ስለዚህ በማግስቱ "ማን በላው" አትበሉ። ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎቹ ከክርክሩ በፊትና ከሁለት ሳምንት በኋላ የት እንደነበሩ አስተያዩ። አንድ መለኪያ አይበቃም፤ የበርካቶቹን አማካይ ውሰዱ። ከአንድ ነጥብ በታች የሆነ ለውጥ ካያችሁ ነፋስ ነው፣ ዝለሉት።

ደረጃ 7፦ ዘመድ ስትጠይቁ እንዲህ ጠይቁ

ጎንደር ውስጥ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ የሌለው ቤት መፈለግ ነው። ስለዚህ ሁላችንም የራሳችን "ምንጭ" አለን። ችግሩ አጠያየቃችን ነው።

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው ያለው። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን የቨርጂኒያውን ቲም ኬይንን ስታመጣ ደወልኩለት። "ምክትሉ የአገራችን ሰው ነው፤ እሱን ብዬ ነው የምመርጣት" አለኝ። እኔም ለቡና ቤቱ ዜና ይዤ ሮጥኩ። ጋሼ ግን "ኬይን ሳይመጣስ ማንን ሊመርጥ ነበር?" አሉ። መልሼ ደወልኩ።

"ሂላሪን ነዋ!" አለ፣ ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነ ሁሉ።

ሰው አይዋሽም፤ ለወሰነው ነገር ምክንያት መደርደር ይወዳል። ስለዚህ "ምክትሉን ወደድከው?" ብላችሁ አትጠይቁ። መጀመሪያ "ከመጠራቱ በፊት ማንን ልትመርጥ ነበር?" በሉ። ቀጥሎ "አሁንስ?" በሉ። መልሱ ካልተቀየረ ምክትሉ በዚያ ሰው ላይ ድምፅ አላመጣም፤ ምናልባት ሙቀት ጨምሮ ይሆናል። ሙቀትም ዋጋ አለው፤ ቤት ሊቀር የነበረውን ሰው ሰልፍ ላይ ያቆማል፣ ኪሱንም ያስፈታል። ስለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ትወጣለህ ወይስ ቤት ትቀራለህ?" መልሱ ከተቀየረ ግን ሰውየውን ያዙት፤ ብርቅ ነው። ለምን እንደቀየረ በራሱ ቃል ጻፉ።

አደራ፣ ሦስት ዘመድ ጠይቃችሁ "አሜሪካ እንዲህ አለች" አትበሉ። ሦስት ዘመድ ሦስት ዘመድ ነው።

ደረጃ 8፦ "ቢሆን ኖሮ"ን በቁጥር ያዙት

ከ2024 በኋላ በየቡና ቤቱ "ሃሪስ የፔንስልቬንያውን አገረ ገዥ ጆሽ ሻፒሮን ብትይዝ ኖሮ" ተባለ። እሺ፣ በቁጥር እንየው። ትራምፕ ፔንስልቬንያን ያሸነፈው በ120 ሺህ ገደማ ድምፅ፣ 1.7 ነጥብ ነው። ሻፒሮ ያን ያህል ያመጣል ብላችሁ ብታምኑ እንኳ የግዛቷ ኤሌክቶራል ድምፅ 19 ነው። ጠቅላላው 312 ለ226 ነበር። 19 ከዚያ ወደዚህ ብታሻግሩ 293 ለ245። አልደረሰም።

በ2000 ግን ፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ነው የተወሰነችው፤ አገሩም በፍሎሪዳ። እንዲህ ሲጠብ የምክትሉም፣ የዝናቡም፣ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ አሠራርም "ወሳኝ" ይሆናል። ሁሉም ወሳኝ ከሆነ ደግሞ አንዱን ነጥሎ ማክበር አይቻልም።

ደረጃ 9፦ ግምታችሁን አስቀድማችሁ ጻፉ

ከምርጫው በፊት ጻፉ፣ ቀን አስገቡበት፣ አጣጥፋችሁ ለማያዳላ ሰው ስጡ። የኛን የቡና ቤቱ ባለቤት ካሽ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጥልናል። አለዚያ ውጤቱ ከመጣ በኋላ "ድሮም ብያለሁ" የማይል የለም። እኔ ራሴ ስለ ዊስኮንሲን እንዲያ ለማለት ሞክሬ ነበር፤ ወረቀቱ አሳፈረኝ።

ቀጣዩ የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በ2028 ነው፤ እስከዚያ ረጅም ነው። የኬንያው ግን ኦገስት 10 ቀን 2027 ይውላል፤ በኛ ነሐሴ 4 ቀን 2019። ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ሌሊት መነሳት የለም። ጋሼ ከወዲሁ ሊወራረዱኝ ነው። ቀኑ ግን ፍልሰታ ውስጥ ነው፤ ጥብስ የለም። "ሽሮም ይበቃኛል፣ ጓደኛዬን ግን ይዤ ነው የምመጣው" ብለዋል።